ባትሪውን ሳይመርጡ ብስክሌቱን አይግዙ

አንባቢ ሆይ፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሊገዛ የሚሄድ ሰው ቀለሙንና ኮርቻውን አገላብጦ ያያል፤ ስለ ባትሪው ግን «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ብቻ ያልፋል። የዕቁብ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ለጥያቄው መልስ ለማግኘት ቀላል ሂሳብ ይበቃል። 48 ቮልትን በ12 አምፔር ሰዓት ቢያባዙ 576 ዋት ሰዓት ይሆናል። ለአንድ ኪሎ ሜትር 15 ዋት ሰዓት ቢፈጅ፤ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ዳገት ከበዛ ግን ከዚህ ያንሳል፤ 100 ኪሎ ሸክም 300 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ 82 ዋት ሰዓት ያስፈልጋልና።

እንግዲህ ዓይነቱን እንምረጥ። አንደኛው፤ ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስ ባትሪ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከላይ የተባለውን ኃይል የሚይዘው 16 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ ባዶውን ማደር አይወድም፤ ሳይሞላ ከቆየ በውስጡ ባሉት ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት ይጋገርበትና አቅሙ ይደክማል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መብራት በጠፋ ቁጥር ባዶውን እያሳደረ፤ በዓመቱ ወደ እግር ጉዞው ተመልሷል።

ሁለተኛው ኒኬል፤ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት የሊቲየም ባትሪ ነው። 4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ለመሸከም ይመቻል። ሆኖም የተበላሸ ወይም በማይስማማው መሙያ የተሞላ እንደ ሆነ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ከተማ የሊቲየም ባትሪዎች ባስነሱት ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተዋል።

ሦስተኛው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ነው። ከሁለተኛው ጥቂት ይከብዳል፤ ሙቀትን ግን በተሻለ ይችላል። በደንብ ከተያዘ 2,000 ጊዜ ያህል ይሞላል። በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢሞሉት ስምንት ዓመት ማለት ነው። የእርሳሱ ግን በየቀኑ ከተሟጠጠ 300 ጊዜ ያህል ተሞልቶ ይደክማል።

መንገድዎ አጭርና ሜዳ፤ ቤትዎም ምድር ቤት ከሆነ የእርሳሱ ይበቃዎታል። አለዚያ ጥቂት ወር ታግሠው ሦስተኛውን ይግዙ። የትኛውንም ቢገዙ ከራሱ መሙያ በቀር በሌላ አይሙሉት፤ ተኝተውም ሳለ በመውጫ በር አጠገብ ሰክተው አይተዉት። ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል፤ ሕይወት ግን አይተካም።