«ጥሩ ነው» ብቻ ማለት አይበቃም



በየሰፈራችን የወላጆች ኮሚቴና የወጣቶች ማኅበር ሲቋቋም በደብዳቤው ላይ የሚታተም ዓርማ ይሠራለታል። ዓርማ ጌጥ ብቻ አይምሰላችሁ። ዕብራይስጥ ማንበብ ገና ያልለመደች እናት በፖስታ ሣጥኗ ካገኘችው ወረቀት መካከል የልጇን ትምህርት የሚመለከተውን የምትለየው በዓርማው ነው። ካልለየችው ወረቀቱ ይጣላል፤ የምዝገባው ቀንም ያልፋል።

ታዲያ ወጣቱ ንድፉን ዘርግቶ «ያምራል ወይ?» ሲለን ይሉኝታ ይይዘንና «እሰይ፣ እጅህ ይባረክ» ብለን እንሸኘዋለን። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚያስተካክለው አንዳች ነገር አልነገርነውም።

በተኡዳት ዜሁታችሁ ላይ ያለውን መኖራ ተመልከቱ። መንግሥት በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውድድር 164 ሰዎች 450 ንድፎች አቀረቡ። የተመረጠው ከላትቪያ የመጡት ወንድማማቾች የገብርኤልና የማክሲም ሻሚር ሥራ ነበር። ሆኖም እንዳለ አልጸደቀም። በዘመናዊ መልክ የሳሉት መኖራ ሮም በሚገኘው የቲቶ ቅስት ላይ በተቀረጸው ተተካ፤ ከዋክብቱ ወጡ፤ «እስራኤል» የሚለው ቃል ተጨመረ፤ የወይራ ቅርንጫፎቹ ግን ቀሩ። ዓርማው በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1949 ጸደቀ። የሚጠቅም አስተያየት እንዲህ ያለ ነው፤ የሚለወጠውንም የሚቀረውንም ለይቶ ይናገራል።

እናንተም ንድፋችሁን ለዘመድ ብቻ አታሳዩ። የረሆቮት ነዋሪ የሆናችሁ ወደ ባቡር ጣቢያው ይዛችሁት ሂዱ። ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ አሮጊቷም እዚያ ባቡር ይጠብቃሉ። ንድፉን በፖስታ ላይ እንደሚታተመው አሳንሳችሁ፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አድርጉት። የሠራው ማን እንደሆነ ሳትናገሩ ለአፍታ አሳዩና ሸፍኑት። ከዚያም «ምን አዩ? የምን ድርጅት ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። አትከራከሩ፤ መልሱን ጻፉ። ከሁሉ በላይ ደብዳቤው የሚላክላቸውን እናቶች በቋንቋቸው ጠይቁ።

አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ ይሁን ቢል የምርጫ ጉዳይ ነው። ሦስት ሰዎች ግን የሳላችሁትን ጎጆ «እንጉዳይ ነው» ካሉ፣ ጎጆው እንደገና ይሳል።

እናንተ የምትጠየቁ ወላጆችም «ልጄ፣ እኔ ያየሁት እንጉዳይ ነው» ማለት ነውር አይደለም። ወረቀቱ በሺህ ከታተመ በኋላ ከማዘን አስቀድሞ መናገር ይሻላል።