ተርትሮ መሥራት

በማናቸውም ሥራ ላይ ከስሕተት ይልቅ የሚጎዳው ስሕተትን ሸፍኖ ወደ ፊት መሄድ ነው። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሁለት የሹራብ መርፌና ከጥቂት ጥቅል የሱፍ ክር ስለ ሆነ፣ በዛሬው እሑድ ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ባወጋው ያለ ቦታው አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በያዝሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ የማታውን ሰዓት በከንቱ ላለማሳለፍ ስል ሹራብ መሥራት ጀመርሁ። ያስተማሩኝ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። የመጀመሪያው አሳቤ ብርድ ለማይችሉት አባቴ የአንገት ልብስ መሥራት ነበር። በመርፌው ላይ 40 የክር ቀለበት ደርድሬ ጀመርሁ። ሁለት ስንዝር ያህል ከሄድሁ በኋላ ግን ሥራዬ እየሰፋ መምጣቱን አየሁ፤ ቀለበቶቹን ብቈጥራቸው 52 ሆነዋል። ለካ አንዳንድ ጊዜ ከዳር ደርሼ ስመለስ የመጀመሪያዪቱን ቀለበት ሁለት እያደረግሁ ስወጋት ኖሬአለሁ።

«እትዬ፣ እንዲሁ ብቀጥለው ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ ብትተረትረው የሁለት ማታ ድካም ነው፤ ከጨረስኸው በኋላ ግን የክረምት ሙሉ ድካም ይሆንብሃል» አሉኝ።

ምክራቸውን አልሰማሁም። አባቴ ስጦታውን መርቀው ተቀበሉኝ፤ ነገር ግን ሰፊው ጫፍ እንዳይታይ አጥፈው ከካፖርታቸው ውስጥ ሲሸሽጉት ባየሁ ጊዜ፣ ከተግሣጽ ይልቅ ከበደኝ።

ሁለተኛው ለእኅቴ ልጅ ያሰብሁት ቆብ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የራሱ ዙሪያ በአማካይ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዓመት ሲሞላው ወደ 46 ይጠጋል። እኔ በተወለደበት ሰሞን ለክቼ ጀመርሁና ዛሬ ነገ ስል፣ ቆቡ ሲያልቅ ልጁ አምስት ወር ሆነው። ቆቡ አሁን በእናቴ ቤት ሻይ እንዳይበርድ የማንቆርቆሪያ ልብስ ሆኗል።

ሦስተኛው ጓንት በመልካም ተሠርቶ አለቀልኝ፤ ነገር ግን በፍል ውኃ እያሸሁ አጠብሁት። የበግ ጠጕር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፤ በሙቀትና በእሽታ ጊዜ ቅርፊቶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚቈላለፉ ልብሱ ይኰማተራል፤ ከዚያም ወደ ልኩ አይመለስም። መሥራቱን እንጂ አያያዙን አልተማርሁም ነበር።

ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ «ይህ የሴት ሥራ ነው» እያሉ ይሥቃሉ። ሌሎቹም «በመኪና የተሠራው በርካሽ ሲሸጥ ምን ያደክምሃል?» ይላሉ። ለፊተኞቹ የምመልሰው፣ በአገራችን ፈታዪቱ ሴት ብትሆንም ሸማኔው ወንድ መሆኑን ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ለኋለኞቹም፣ እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ ሹራብ የሚሠራ መኪና ያወጣው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1589 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህም የሰው እጅ ሥራውን አልተወም እላለሁ። መኪናው ልብሱን ይሠራልናል፤ ትዕግሥትን ግን ለማንም አይሠራም።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ሸማ በድርና በማግ የተያያዘ ስለ ሆነ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። ሹራብ ግን ባንድ ክር የሚሠራ ነውና አንዲት ቀለበት ካመለጠች ከሥሯ ያሉትን እየፈታች ትወርዳለች። የጽሕፈት ቤት ሥራም ይህን ይመስላል። በሪፖርቱ በመጀመሪያው ገጽ የገባ የተሳሳተ ቍጥር እስከ መጨረሻው ድምር ይደርሳል። ወጣቱ ሠራተኛ ስሕተቱን በሦስተኛው ቀን ያውቀዋል፤ ነገር ግን «ተሳስቻለሁ» ማለትን እንደ ውርደት ቈጥሮ ይቀጥላል። ተማሪውም ያልገባውን የመጀመሪያ ምዕራፍ ዘሎ ወደ አምስተኛው ይሮጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም። ስሕተቱን በጊዜ የገለጠውን ከደበቀው ጋራ እኩል የሚቀጣ አለቃ፣ ሠራተኞቹን መደበቅን ያስተምራቸዋል። በጊዜ የተናገረ ሠራተኛ ሥራውን እንደ ገና እንዲጀምር ጊዜ ሊሰጠው ይገባል እንጂ ስሙ ሊጠፋ አይገባም። ነገ አለቃ የምንሆን ሁሉ ይህን ከዛሬ ጀምረን እንያዘው።

እኔም ባለፈው ወር የአባቴን የአንገት ልብስ ለምኜ ወሰድሁና እስከ መጀመሪያው መስመር ድረስ ተረተርሁት። ክሩ ተጠማዝዞ ስለ ነበረ በለብታ ውኃ ነክሬ፣ አድርቄ፣ እንደ ገና ጠቀለልሁት። አሁን በየመስመሩ መጨረሻ 40 መሆናቸውን እየቈጠርሁ እሠራለሁ። ገና እኩሌታው ላይ ነኝ፤ አባቴም መቼ እንደሚያልቅ መጠየቅ ጀምረዋል።