የገጠር ቤተሰቦችና የገንዘብ አገልግሎት፦ ከሂሳብ ደብተር ባሻገር

በአገራችን ገጠር የአንድ ቤተሰብ ገቢ እንደ ደመወዝ በየወሩ የሚገባ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጤፉ፣ ስንዴው ወይም በቆሎው ተሰብስቦ ሲገባ እጅ ላይ ገንዘብ ይኖራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጎተራው ይጎድላል፤ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ክፍያ፣ የሕክምና ወጪ፣ የልጆች ደብተርና ልብስ በአንድ ወቅት ይደራረባሉ። ስለዚህ የገጠር ቤተሰብ የገንዘብ አያያዝ ዋና ጥያቄ ገንዘብ መኖሩና አለመኖሩ ብቻ አይደለም፤ የጥሩን ገንዘብ እንዴት ለሐምሌ ማድረስ ይቻላል የሚለው ነው።

ባንኮች፣ አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት፣ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ እቁብና እድር ሁሉም የዚህ ጥያቄ መልሶች ናቸው። ሆኖም አንዱ የሌላውን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ይህ ጽሑፍ እያንዳንዳቸው ለምን እንደሚበጁ፣ የት ላይ እንደሚያጥሩና ተገልጋዮች ከመወሰናቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ መብቶች የትኞቹ እንደሆኑ ይተነትናል።

ሂሳብ መክፈትና በሂሳብ መጠቀም

በዓለም ባንክ የፋይናንስ ተደራሽነት ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ሂሳብ ያላቸው አዋቂዎች ድርሻ እ.ኤ.አ በ2014 22 በመቶ፣ በ2017 35 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ 46 በመቶ ነበር። ለዚህ ዕድገት በርካታ ምክንያቶች አሉ። የባንክ ቅርንጫፎች ወደ ወረዳ ከተሞች ዘልቀዋል። በ1988 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 40 ሕጋዊ መሠረት ያገኙት አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት ለዓመታት እስከ ቀበሌ ድረስ ሠርተዋል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በቅርብ ዓመታት ፀደይ፣ ሲንቄና ኦሞ በሚል ስም ወደ ባንክነት ተሸጋግረዋል። በ2013 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቴሌብርም በስልክ ገንዘብ የማንቀሳቀስ ልማድን አስፍቷል።

ይሁን እንጂ ሂሳብ መክፈት በሂሳብ ከመጠቀም ይለያል። ብዙ የገጠር ነዋሪዎች ሂሳብ የሚከፍቱት ገንዘብ የሚቀበሉበት መንገድ ስለሚሆናቸው ነው። ከሴፍቲኔት የሚመጣ ክፍያ፣ በዓረብ አገር የምትሠራ ልጅ የምትልከው ገንዘብ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚከፍለው የምርት ዋጋ በሂሳቡ በኩል ይገባል። ገንዘቡ ግን በገባበት ቀን ወይም በቀጣዩ የገበያ ቀን ባንድ ጊዜ ይወጣል። ይህ የግንዛቤ ማነስ ውጤት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ቅርንጫፉ የሚገኘው በወረዳው ከተማ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጉዞ የትራንስፖርት ዋጋና የአንድ ቀን ሥራ ይጠፋል፤ መቶ ወይም ሁለት መቶ ብር ለማስቀመጥ ሲባል ይህን ወጪ መክፈል አያዋጣም።

በሬው፣ እቁቡና ሣጥኑ

ገበሬው ትርፍ ገንዘቡን በበግ፣ በጥጃ ወይም በእህል መልክ ማቆየቱም የራሱ ስሌት አለው። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ዓ.ም መጀመሪያ አንስቶ በዓመት 7 በመቶ ሲሆን በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት በደብተር የተቀመጠ ብር ቁጥሩ ቢጨምርም የመግዛት አቅሙ ቀንሷል፤ የተገዛችው በግ ግን ወልዳለች። በሌላ በኩል ከብት ይታመማል፣ ይሰረቃል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው ባንድ ጊዜ ለመሸጥ ስለሚወጣ ዋጋው ይወድቃል። ከበግ ላይ የሚያስፈልገውን 500 ብር ብቻ ቆርጦ መሸጥም አይቻልም። ስለሆነም ለሁለትና ሦስት ዓመት የሚቆየውን ሀብት በንብረት መያዝ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚፈለገውን የማዳበሪያ፣ የትምህርትና የሕክምና ገንዘብ ግን በሂሳብ ማስቀመጥ የተሻለ ክፍፍል ነው።

እቁብ ጥንካሬው በዲሲፕሊን ላይ ነው። ጎረቤትና ወዳጅ ስለሚጠብቅ አባሉ ዕጣውን ሳይከፍል አይቀርም፤ ተራው ሲደርስም በሬ የሚያስገዛ ወይም ቆርቆሮ የሚያለብስ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ያገኛል። ድክመቱ ተራው ከችግሩ ቀን ጋር ላይገጥም መቻሉ ነው። እድር በአንጻሩ ሐዘን በደረሰ ዕለት ፈጥኖ ይደርሳል፤ ለማዳበሪያ ግን አይሆንም።

በመንደር የቁጠባና ብድር ቡድኖች ውስጥ አባላት፣ በብዛትም ሴቶች፣ በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ተሰብስበው ይቆጥባሉ። ገንዘቡ ቁልፎቹ በተለያዩ አባላት እጅ በሚገኙ ሣጥን ይቀመጣል፤ ለአባላት አነስተኛ ብድር ይሰጣል፤ በዓመቱ መጨረሻም ከነትርፉ ይከፋፈላል። ይህ ዓይነቱ ቡድን ለሴቶች ልዩ ጥቅም አለው። ከእንቁላል፣ ከቅቤ ወይም ከጓሮ አትክልት ሽያጭ የሚገኘው ጥቂት ገንዘብ በቤት ቢቀመጥ በዕለት ፍላጎት ይበላል፤ በሣጥኑ ውስጥ ግን በስሟ ይመዘገባል።

የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ እርምጃ ከፍ ይላል። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ሲመዘገብ ሕጋዊ ሰውነት ይኖረዋል፣ ኦዲት ይደረጋል፣ አባላትም በጠቅላላ ጉባዔ እኩል ድምፅ አላቸው። ስለዚህ አባል ለመሆን የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ማኅበሩ መመዝገቡንና ሂሳቡ የተመረመረበትን የመጨረሻ ዓመት ነው።

ብድር፦ ወቅቱን ሳይጠብቁ የመሸጥ ዋጋ

የገጠር ቤተሰብ ከፍተኛ ኪሳራ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በሁለት ጊዜያት ነው፦ በምርት ወቅት ዕዳ ለመክፈል ሲባል እህል በርካሽ ሲሸጥና በክረምት በአራጣ ሲበደር። ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ኩንታል እህል በታኅሣሥ 5,000 ብር፣ በሰኔ 6,500 ብር ያወጣል እንበል። ባለእህሉ በታኅሣሥ ከመሸጥ ይልቅ በዓመት 18 በመቶ ወለድ 5,000 ብር ቢበደር የስድስት ወሩ ወለድ 450 ብር ነው። በነቀዝና በእርጥበት 5 በመቶው እህል ቢበላሽ እንኳ ኪሳራው 325 ብር ይሆናል። ሁለቱ ከ1,500 ብሩ የዋጋ ልዩነት ላይ ሲቀነሱ 725 ብር ይተርፋል። እርግጥ ነው፣ ዋጋው ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ ሙሉውን ምርት ሳይሆን ከፊሉን ብቻ ማቆየት ጥንቃቄ ነው።

ያው 5,000 ብር በወር 10 በመቶ አራጣ ቢወሰድስ? የስድስት ወሩ ወለድ ብቻ 3,000 ብር ይሆናል። ይህም የኩንታሉን የዋጋ ጭማሪ እጥፍ ነው። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በግል ብድር ላይ ተዋዋዮች ከ12 በመቶ በላይ ዓመታዊ ወለድ እንዲቆርጡ አይፈቅድም፤ አራጣም በወንጀል ያስቀጣል። በዚሁ ሕግ መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። ስለዚህ ከዘመድም ሆነ ከጎረቤት ሲበደሩ በምስክሮች ፊት የተፈረመ ወረቀት መያዝ አበዳሪንም ተበዳሪንም ይጠብቃል።

ከተቋም ሲበደሩም የወለዱን መቶኛ ብቻ መስማት አይበቃም፤ አሰላሉን መጠየቅ ያስፈልጋል። 12,000 ብር ለአንድ ዓመት በ18 በመቶ ተበድሮ በየወሩ 1,000 ብር ዋና ገንዘብ የሚመልስ ሰው ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ 1,170 ብር ይከፍላል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ከታሰበ ግን 2,160 ብር ይከፍላል። ክፍያው ባንድ ጊዜ ምርት ሲሰበሰብ የሚፈጸም ከሆነ ይህ ልዩነት አይኖርም። ለገበሬ የሚስማማው የመክፈያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከመኸሩ ጋር የገጠመው ነው፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። በቡድን ዋስትና የሚሰጥ ብድር ከሆነም የአንዱ አባል አለመክፈል በሌሎቹ ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

የመያዣ ጥያቄ

ገበሬው ትልቁ ሀብቱ መሬት ቢሆንም ለረጅም ጊዜ በዚህ ሀብት መበደር አልቻለም። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456ም የመጠቀም መብትን በዋስትና እንዲያሲዝ የፈቀደው መሬት ለተከራየ ባለሀብት ነበር። ይህ ሁኔታ በሁለት ሕጎች ተለውጧል። አዋጅ ቁጥር 1324/2016 አርሶ አደሩ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያቀርብ በር ከፍቷል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብት፣ ሰብልና የእርሻ መሣሪያን የመሳሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ከባለንብረቱ እጅ ሳይወጡ በመያዣነት እንዲመዘገቡ ፈቅዷል።

ሕጉ ቢፈቅድም ውሳኔው ቀላል አይደለም። በመያዣነት የሚቀርበው መሬቱ ራሱ ሳይሆን የመጠቀም መብቱ ቢሆንም ዕዳው ካልተከፈለ ቤተሰቡ ለተወሰነ ጊዜ ማረሻውን ሊያጣ ይችላል። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው በባልና በሚስት ስም ከሆነ ሁለቱም ውሉን ተረድተው መስማማት አለባቸው። ብድሩ ለሠርግ ወይም ለተዝካር ሳይሆን ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ መዋሉ የቤተሰቡን መሬት ይጠብቃል።

በአርብቶ አደር አካባቢዎች

በቦረና፣ በሶማሌና በአፋር ሀብት ማለት መንጋ ነው፤ ስለዚህ አደጋው ድርቅ ነው። የኦሮሞ ማኅበረሰብ ከብቱ ላለቀበት ሰው ከብት አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ ዘመናትን የተሻገረ ዋስትና ነው። ሆኖም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም እንደታየው በተከታታይ ዝናብ ሲቀር የሁሉም መንጋ ባንድ ጊዜ ስለሚጎዳ አዋጪ ራሱ ተረጂ ይሆናል። በቦረና በ2004 ዓ.ም የተጀመረው በጠቋሚ ላይ የተመሠረተ የእንስሳት መድን ይህን ክፍተት ለመሙላት ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ካሳው የሚከፈለው የእያንዳንዱ እንስሳ ሞት ተቆጥሮ ሳይሆን በሳተላይት የሚለካው የግጦሽ ልምላሜ ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ ነው። በመሆኑም የአካባቢው ልኬት ደህና ሆኖ የራስ ከብት ቢሞት ካሳ ላይገኝ እንደሚችል ገዢው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ የማይቀበሉና የማይከፍሉ ዜጎችም በባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮቶች፣ እንዲሁም ዘምዘምና ሂጅራን በመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ በሆኑ ባንኮች መገልገል ይችላሉ።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

አንደኛ፣ በደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በባንኮችና በአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት ያለን ተቀማጭ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። እቁብና የመንደር ቡድን በዚህ ሽፋን ውስጥ ስላልሆኑ ከፍተኛ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ በእነርሱ ዘንድ ማቆየት አይመከርም።

ሁለተኛ፣ የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተገልጋዮች ጥበቃ መመሪያ ተቋማት ወለድን፣ ክፍያንና ግዴታን በግልጽ እንዲያሳውቁ፣ ቅሬታም ተቀብለው እንዲመልሱ ያስገድዳል። ማንበብ የማይችል ተገልጋይ ውሉ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲነበብለት ይጠይቅ፤ ሳይገባው አይፈርም።

ሦስተኛ፣ የስልክ ገንዘብ የሚስጥር ቁጥር ለወኪልም፣ «ከባንክ ነው የምንደውለው» ለሚል ሰውም አይሰጥም። ቁጥሩን ልጅ ወይም ጎረቤት እንዲያስገባ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም ደብተርን ከነፊርማው አሳልፎ ከመስጠት አይለይም። ገንዘብ ከላኩ ወይም ከተቀበሉ በኋላ የሚመጣውን መልእክት አለማጥፋት ለቅሬታ ማስረጃ ይሆናል።

አራተኛ፣ ባልና ሚስት ስለ ዕዳና ስለ ቁጠባ አብረው ይምከሩ። አንዱ ሳያውቅ የገባ ዕዳ በመኸር ወቅት በሁለቱም ጎተራ ላይ ይመጣል።

በአጠቃላይ የገጠር ቤተሰብ አንድ ብቻውን የሚበቃ የገንዘብ አገልግሎት የለውም፤ የሚያስፈልገውም አይደለም። እድር ለሐዘን፣ እቁብ ለአንድ ትልቅ ግዢ፣ ሣጥኑ ለጥቂት ሳንቲም፣ ማኅበሩ ለማዳበሪያ ብድር፣ ባንኩ ለተቀማጭና ለዝውውር እያንዳንዳቸው ቦታ አላቸው። የአገልግሎቱ መስፋፋት ሊለካ የሚገባውም በተከፈቱ ሂሳቦች ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሐምሌ ወር አራጣ አበዳሪ ደጅ የሚቆመው ሰው በመቀነሱ ነው። ዝርዝር መረጃ የሚፈልጉ ዜጎች ለብድርና ለተቀማጭ ጥያቄዎች ወደ ተቋማቸው ቅርንጫፍ፣ ለማኅበራት ምዝገባ ወደ ወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት፣ ለይዞታ ማረጋገጫ ደግሞ ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይችላሉ።