ደባርቅ ለዝንጀሮ ማለፊያ ብቻ ናት እንዴ?

ሰሜን ተራሮች ደርሶ የተመለሰ ጓደኛችሁን ያዙና «ምን አየህ?» በሉት። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ዕድል ከቀናው ዋልያ፣ ከዚያ ስለ ብርዱ ሰፊ ማብራሪያ ይሰጣችኋል። ደባርቅስ? «እሷማ ያደርንባት ናት።» ዳባትስ? በመኪና መስኮት! በገደሉም በዝንጀሮውም ላይ ቅሬታ የለንም። የሚገርመን የአገር ዘውድ እጅ በቀየረበት ምድር ላይ ቆመን፣ «ታሪክ ለማየት ጎንደር እንመለስ» ማለታችን ነው።

ደረስጌ ማርያምን እንውሰድ። ያሠራት የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበረው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው፤ በግንባታዋ የጀርመናዊው ሺምፐር እጅም አለበት። ውቤ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ሊቀባባት አስቦ ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ነሣው፤ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ አሰኙት። ድግሱን የደገሰው አንዱ፣ ሙሽራው ሌላ! ውቤ ታሰረ። ልጁ ጥሩወርቅ በኋላ የቴዎድሮስ ሚስት ሆነች፤ ልጃቸውም እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ልዑል ዓለማየሁ ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም የውቤ የወንድም ልጅ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የዓለማየሁን አፅም አልመልስም ሲል ፌስቡክ ላይ ያልተቆጣ አልነበረም። ቁጣው ልክ ነው። ግን ከተቆጣነው መካከል የልጁ እናት የተገኘችበት አገር ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ስንቱ ነው?

«ሩቅ ነዋ!» ትሉን ይሆናል። ቅርብ አላልንም፤ መንገዱም አስፋልት አይደለም። ነገር ግን ወደዚያ የሚያደርሰው ከደባርቅ ተነስቶ፣ በፓርኩ ውስጥ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ወደ ጃናሞራዋ መካነ ብርሃን የሚዘልቀው ነባሩ መንገድ ነው። ዋልያ ፍለጋ ጨነቅ ያደረ ሰው እኮ መንገዱን ጀምሮታል!

ደባርቅ አጠገብ ደግሞ ወልከፊት አለ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ በዓሉን ዛሬም እናከብራለን። ወልከፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር ግን እጁን የሰጠው ወደ አምስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጎንደርም እስከ ኅዳር ጠብቃለች። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወረደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ሁላችንም ፎቶ እናነሳዋለን። ከበላዩ ስለተደረገው ጦርነት ግን ማንም አይነግረን፣ እኛም አንጠይቅ።

ጥፋቱ ከመዝገቡ ሳይጀምር አልቀረም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር የዓለም ቅርስ ሲሆን (የስፔኗ ግራናዳ አልሐምብራ የተመዘገበችው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ልብ በሉልን!) የተመዘገበው በተፈጥሮው ነው። ዓይናችንም ወረቀቱን ተከትሎ ሄደ። ግራናዳ የሄደ ሰው ቤተ መንግሥቱን አይቶ የሴራ ኔቫዳን ተራራ ምርቃት ያገኛል። እኛ ተራራውን ብቻ ይዘን እንመለሳለን።

እዚህ አገር ያለው ታሪክ ደግሞ ሁሉም ያረጀ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት አጠገብ ጭና ደርሶ ነበር፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት ከ120 በላይ ሲቪሎች ተገድለዋል ብለዋል፣ ሕወሓት አስተባብሏል። ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው፤ ወደዚያ ካሜራ አንጠልጥላችሁ ሂዱ አንልም። በመስኮት ብቻ የምናልፋት ዳባት ምን እንዳየች ማወቅ ግን ይገባናል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭትም ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎታል። ስለዚህ «ነገ ተነሱ» ብለን አናሳስታችሁም። መንገዱ ሰላም ሆኖ አስጎብኚዎች የሦስት ቀን የተራራ ጉዞ ይዘው ሲመጡላችሁ ግን፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «ደረስጌ አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «የለበትም» ካሏችሁ አንድ ቀን አስጨምሩ። የአንድ ቀን ጭማሪ ለእናንተ የአንድ ቅዳሜ ምሽት ወጪ ነው፤ ጎብኚ ለናፈቀው የደባርቅ ስካውት፣ ለበቅሎ ጫኚውና ለምግብ አብሳዩ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጃናሞራም ላይ ሻይ የምታፈላ አትጠፋም።