አሮጌው መጋዝ ቡኢ ሲደርስ ምን ይጎድለዋል?

የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ የእንጨት ማሽን ከትንሽ ከተማ አናጢ እጅ ርቋል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፤ የማሽኑም ዋጋ አብሮት ወጣ። ስለዚህ ቡኢ ላይ ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ጥሎ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ ሰው ዓይኑ አሮጌው ላይ ቢያርፍ አይገርምም። ከተዘጋ ወርክሾፕ የወጣ፣ በጨረታ የተሸጠ ወይም ምናለሽ ተራ የተገኘ የፋብሪካ መጋዝ ይፈልጋል።

ምርጫው ስህተት የለበትም። የድሮ መጋዝ ካስት አይረን ጠረጴዛ ከዛሬው ቀጭን ቆርቆሮ ይበልጣል፤ ከባድ ስለሆነ አይንቀጠቀጥም። ዝገቱ በናፍጣና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ኩሽኔታው ላይ 6205 የሚል ቁጥር ካለ፣ ማሽኑ የትም አገር ይሠራ፣ 25 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ የሚገባ ተመሳሳይ ኩሽኔታ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። ችንጋ ይቀየራል፣ ሞተር ይጠቀለላል። ይህን ሁሉ የአገራችን ባለሙያ አሳምሮ ያውቀዋል።

ችግሩ የሚጀምረው መብራቱ ላይ ነው። የፋብሪካ መጋዝ ባለ 380 ቮልት ሶስት ፌዝ ነው፤ የመኖሪያ ቤቱ ቆጣሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 220 ነጠላ መስመር። የሚወሰደው መላ ሞተሩ ላይ ካፓሲተር ማሰር ነው። ይሽከረከራል፣ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። እንጨቱ መሀል ላይ ሲይዝበት አናጢው በእጁ ይገፋል። እጅ ወደ ዲስኩ የሚጠጋው ያኔ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ማሽኑ ሲመጣ የሌለው ዕቃ ነው። ከዲስኩ ጀርባ ቀጥ ብላ የምትቆም ቀጭን የብረት ቢላ ነበረች። በዝውውር ትጠፋለች፤ ገዢውም አያስታውሳትም፣ ያለ እሷም ማሽኑ ይቆርጣልና። ሥራዋ የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ እንዳይገጥም ማድረግ ነው። ከገጠመ የዲስኩን ጀርባ ይነክሳል። የጀርባው ጥርስ ደግሞ ወደ ላይ ስለሚወጣ እንጨቱን አንስቶ ወደ ቆመው ሰው ይወረውረዋል። 300 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ይህ ጉራጌ ውስጥ ይብሳል፤ እዚህ በብዛት ያለው እንጨት ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ሲያድግ ውስጡ ውጥረት ይዞ ነው የሚያድገው፤ ሲሰነጠቅ ይጠማዘዛል፣ ይገጥማል። ቢላዋን ማንም ቢንቃት የባህር ዛፍ አናጢ ሊንቃት አይገባም ነበር።

«መከለያ ሥራ ያውካል» የሚሉ አሉ፤ ቦይ ሲወጣ እውነታቸውን ነው። ከዲስኩ አናት ትንሽ ዝቅ ብላ አብራው የምትወጣና የምትወርድ ቢላ ግን ቦዩንም አታውክም። አሠራሯም ብረታ ብረት ቤት የሚችለው ነው። ከዲስኩ አካል የምትወፍር፣ ጥርሱ ከሚከፍተው መስመር የምትቀጥን፣ ከጥርሱ ከ8 ሚሊ ሜትር የማትርቅ መሆን አለባት። የዲስኩ አካል 2.2፣ ጥርሱ የሚከፍተው 3.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባለ 2.5 ላሜራ ይበቃል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ጥሩ። ግን ግቢ ውስጥ አባትና ልጅ ሲሠሩ አሠሪው ማን ነው? የደኅንነት ተቆጣጣሪ የፋብሪካ በር ያንኳኳል እንጂ የቡኢን የቆርቆሮ ጥላ አያይም። መከለያና ቢላ ከማሽኑ ጋር የሚሸጡባት አሜሪካ እንኳ፣ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽኗ እንደሚገምተው፣ በየዓመቱ 30 ሺህ ያህል ሰው በጠረጴዛ መጋዝ ዲስክ ተጎድቶ ይታከማል።

ስለዚህ መፍትሔውን ከአዋጅ ይልቅ ከሙያ ትምህርት ቤት መጠበቅ ይሻላል። ቡታጅራ ሩቅ አይደለም፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም አለ። በወር አንድ ቀን አንድ የእንጨትና አንድ የኤሌክትሪክ መምህር ወደ ቡኢ ቢወጡ፣ አሮጌ ማሽን የገዛውን ሰው ግቢው ድረስ ሄደው ቢያዩለት፣ ቢላዋን ለክተው ቢያስቆርጡለት፣ ስለ ሞተሩም እውነቱን ቢነግሩት ወጪው የመኪና ነዳጅና የቀን አበል ነው። ተማሪዎቹም ከመጽሐፍ የማያገኙትን ልምምድ ያገኛሉ።

እስከዚያው ገዢው ማሽኑ አጠገብ ቆሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሞተሩ ይሠራል?»