የካርቱሙ ዴይም፦ ተፈናቃዮች የገነቡት ሰፈር ማንን መልሶ ይቀበላል?

በካርቱም ለኖረ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ "ዴይም" የሚለው ስም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከመሀል ከተማው በስተደቡብ የሚገኘው ይህ የመኖሪያ ሰፈር እንጀራ የሚሸጥበት፣ ቡና በጀበና የሚቀርብበት፣ ከድንበር አዲስ የመጣ ስደተኛ ያገሩን ልጅ የሚያፈላልግበት ቦታ ነበር።

በአውሮፓውያኑ ኤፕሪል 15/2023 በሱዳን ጦር እና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ (አርኤስኤፍ) መካከል የተቀሰቀሰው ጦርነት የዴይምን ነዋሪዎች እንደ ቀሪው የካርቱም ሕዝብ በታተናቸው። ጦሩ በሜይ 2025 የካርቱም ግዛትን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠሩን ካስታወቀ ወዲህ ግን ሰዎች ወደ ከተማዋ እየተመለሱ ነው። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) በዚያው ዓመት የመጨረሻ ወራት የተመላሾቹ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ማለፉን ገልጿል።

የመመለሻው በር ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ሱዳናዊው ባለቤት የተዘረፈውን ቤቱን ለመጠገን ይመለሳል። በዚያው ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለዓመታት የኖረው ሐበሻ ግን ተመላሽ ይሁን ሕገወጥ የውጭ ዜጋ የሚለየው በእጁ ባለው ወረቀት ነው። በዴይም ታሪክ ውስጥ የመኖር መብት በወረቀት ሲወሰን ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ከከተማው ጠርዝ የተወለደ ሰፈር

"ዴይም" በሱዳን አረብኛ ሰፈርን ወይም የጦር ሰፈርን የሚያመለክት ቃል ነው። የቃሉ አመጣጥ የሰፈሩን ጅማሬ ይናገራል።

በ1885 በማህዲስቶች እጅ ወድቃ የፈራረሰችው ካርቱም፣ የእንግሊዝ እና የግብፅ ጦር በ1898 ሱዳንን ከተቆጣጠረ በኋላ በጄኔራል ኪችነር አመራር እንደገና ተሠራች። የጥቁር ዓባይ ዳርቻ ለቤተ መንግሥት፣ ለመሥሪያ ቤቶች እና ለባለሥልጣናት መኖሪያ ተመደበ። ከተማዋን የሚሠሩት ሰዎች፣ ማለትም የቀን ሠራተኞች፣ ተሸካሚዎች፣ ጡረታ የወጡ ወታደሮች እና ከባርነት ነፃ የወጡ ቤተሰቦች፣ ከከተማው በስተደቡብ የጭቃ ጎጆ ቀልሰው ሰፈሩ። ዴይሞች የሚባሉት እነዚህ ሰፈሮች ነበሩ።

ስሞቻቸው ነዋሪዎቹ ከየት እንደመጡ ይጠቁማሉ። ዴይም በርቲ የዳርፉሩን የበርቲ ሕዝብ ስም ይዟል። ዴይም ታዓይሻ ደግሞ የኸሊፋ አብዱላሂን ጎሳ ስም የያዘ ነው፤ በ1889 አጼ ዮሐንስ አራተኛ በወደቁበት የመተማ ጦርነት ከኢትዮጵያ ጋር የተዋጋው የዚሁ ኸሊፋ ሠራዊት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ቤት የተከራዩት እነዚህን ስሞች በያዙ መንደሮች ውስጥ ነው።

የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር የከተማ ቦታን በደረጃ ከፋፍሎ ነበር። በአንደኛ ደረጃ ቦታ የሚኖር ሰው ረጅም የሊዝ ዘመን እና በዘላቂ ቁሳቁስ የመገንባት መብት ነበረው። ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ቦታው ይጠባል፣ የሊዙ ዘመን ያጥራል፣ ዋስትናውም ይሳሳል። የአሮጌዎቹ ዴይሞች ነዋሪዎች የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነበሩ። የኖሩበት ቦታ በተፈለገ ጊዜ መነሳታቸው የማይቀር ነበር።

ያ ጊዜ የመጣው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ከተማዋ ወደ ደቡብ ስትሰፋ አስተዳደሩ አሮጌዎቹን ዴይሞች አፍርሶ ነዋሪዎቹን ወደ አዲስ ቦታ ማዛወር ጀመረ። ሥራው እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ቀጠለ። የዛሬው ዴይም የተወለደው ከዚህ ማፈናቀል ነው። መንግሥት ቦታውን ሸንሽኖ ሲሰጥ ቤቱን የሠሩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ያላቸውን ጥሪት አሟጥጠው ጃሉስ በሚባለው የጭቃ ግድግዳ አቆሙት።

ተነሺዎቹ ብዙ ቢያጡም አንድ ትልቅ ነገር አግኝተዋል፦ በስማቸው የተጻፈ የቦታ ሰነድ። ሱዳን በ1956 ነፃነቷን ስታገኝ ዴይም የራሱ ባለይዞታዎች ያሉት ሰፈር ሆኖ ነበር። ከጎኑ ደግሞ ኤምባሲዎች እና የባለጸጎች ቤቶች የሚበዙበት አል-አማራት አደገ። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ አውራ ጎዳና ብቻ ነው።

ሐበሾች ወደ ዴይም

የኢትዮጵያውያን ስደት ወደ ካርቱም የቆየ ታሪክ አለው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን አርበኞች እና ስደተኞች ወደ ሱዳን ይሻገሩ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1940 ካርቱም ደርሰው፣ በጃንዋሪ 1941 በኦሜድላ በኩል አገራቸው የገቡት ከዚያው ተነስተው ነው።

ብዙኃኑ የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ከ1967 ጀምሮ የኤርትራን ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ጎረፉ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይም በቀይ ሽብር ዓመታት፣ ተማሪዎች፣ መምህራን እና የፖለቲካ ድርጅት አባላት ተከተሏቸው። በ1984 እና 85 ደግሞ ረሃቡ መቶ ሺዎችን ድንበር አሻገረ። ከምሥራቁ መጠለያዎች ሥራ፣ ሕክምና ወይም ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ዕድል ፍለጋ ብዙዎች ወደ ካርቱም ዘለቁ። አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕጓን ካወጣች በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከሱዳን ተነስተው ወደዚያ ሄደዋል። ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ጎልማሳ የሆኑ ብዙዎች ካርቱምን የሚያስታውሷት "ፕሮሰስ" የሚጠብቁባት ከተማ አድርገው ነው።

ዴይምን ተመራጭ ያደረገው ቀላል ምክንያት ነው። ለመሀል ከተማ ይቀርባል፣ ኪራዩ ከአማራት ይረክሳል፣ በቤት ሠራተኛነት ለሚቀጠሩ ሴቶች ደግሞ የባለጸጎቹ ሰፈር ጎዳናውን ተሻግሮ ነው። ጓሮ ያላቸው የጭቃ እና የጡብ ቤቶች ለክፍል ኪራይ ይመቻሉ፤ ለባለቤቶቹም የኪራይ ገቢው ኑሮን ይደጉም ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ የፖለቲካ ስደተኛው ቁጥር ሲቀንስ ሥራ ፈላጊ ወጣት ሴቶች እና በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ ለመሻገር ያሰቡ ወጣቶች በዙ። በምሥራቅ ካርቱም የሚገኘው ጀሪፍም ሁለተኛው የሐበሾች መንደር ሆነ።

እቁብ እና ሰንዱቅ

የዴይም አብሮ የመኖር ባህል የተሠራው ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው የሌላውን ልማድ በቀላሉ ስለሚያውቁት ነው። ጀበና በሱዳንም ጀበና ነው፤ የሱዳኑ ዝንጅብል ይበዛበታል እንጂ ማፍያው እና ስሙ አንድ ነው። ኢትዮጵያውያን ሴቶች በየጎዳናው ጥግ ሻይና ቡና የሚሸጡትን የሱዳን ሴቶች ሥራ ለመልመድ የተቸገሩትም አረብኛው ላይ እንጂ ሙያው ላይ አልነበረም።

እቁብ በሱዳን "ሰንዱቅ" ይባላል። ጎረቤታሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች በየወሩ ገንዘብ አዋጥተው በተራ ይወስዳሉ። የኢትዮጵያው ደቦ ደግሞ "ነፊር" ከሚባለው የሱዳን የጋራ ሥራ ጋር ይመሳሰላል፤ ቤት ሲሠራ፣ እህል ሲሰበሰብ ወይም ጎርፍ ሲያጥለቀልቅ ሰፈርተኛው የሚጠራራበት ነው። በ2013 ካርቱምን ጎርፍ ሲመታ ወጣቶች ያቋቋሙት የእርዳታ ንቅናቄ ይህንኑ ስም ይዞ ነበር። ሙዚቃውም ድልድይ ነው። የመሐመድ ዋርዲ እና የሰይድ ኸሊፋ ዜማዎች አዲስ አበባ ውስጥ አድማጭ ያገኙት ያለ አስተርጓሚ ነው።

ይህ ቅርበት ግን ጎረቤትን እንጂ ሕግን አልለወጠም። ሱዳን በ1974 ባወጣችው የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ከተመደበለት ቦታ ያለ ፈቃድ መውጣት አይችልም፤ በ2014 የወጣው ሕግም ገደቡን አላነሳም። በመሆኑም በከሰላ ወይም በገዳሪፍ መጠለያ የተመዘገበ ስደተኛ ካርቱም ውስጥ ሲገኝ፣ አሥር ዓመት ቢኖርም፣ ያለ ቦታው የተገኘ ሰው ነው። ሐበሾች "ከሻ" የሚሉት የፖሊስ አፈሳ የዚህ ውጤት ነበር። በከሻ የተያዘ ሰው ቅጣት ከፍሎ ይለቀቃል፣ ካልሆነም ይታሰራል ወይም ይባረራል። የዴይም ጎረቤት ማስጠንቀቅ ወይም መደበቅ ይችል ይሆናል፤ የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት ግን አይችልም።

ባሽዳር

ሱዳናውያን ዴይምን በሌላም ምክንያት ያውቁታል። ጦሩ በኦክቶበር 25/2021 የሲቪሉን የሽግግር መንግሥት ከገለበጠ በኋላ፣ በዴይም የሚገኘው የባሽዳር ፌርማታ ወደ ቤተ መንግሥት የሚያመሩ ሰልፎች መነሻ ሆነ። የሰፈሩ የተቃውሞ ኮሚቴ ወጣቶች መንገዶችን በጡብ ያጥሩ፣ ቁስለኞችን ይሸሽጉ፣ መድኃኒት ያዋጡ ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር በመላው ካርቱም ተመሳሳይ የወጣቶች መረቦች ወደ አስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች ተለወጡ። መንግሥት በሌለበት ከተማ ውኃ፣ ሕክምና እና "ተኪያ" የሚባሉትን የጋራ ማዕድ ቤቶች አደራጁ። አሜሪካ በ2025 መጀመሪያ እርዳታዋን ስታቋርጥ ከማዕድ ቤቶቹ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ሥራቸው ግን በዚያው ዓመት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኝቶላቸዋል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ካርቱምን በጦርነቱ መሀል ያቆየው ሰፈሩ ነው። እቁቡ፣ ሰንዱቁ፣ ነፊሩ እና ተኪያው የሚቆሙት በመተዋወቅ ላይ እንጂ በዜግነት መታወቂያ ላይ አይደለም። ከተማዋን መልሶ የመገንባት ውይይት ግን የሚያተኩረው በድልድይ፣ በኤሌክትሪክ እና በመሥሪያ ቤቶች ላይ ነው።

መተማ፣ ደርሶ መልስ

ከካርቱም ግዛት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች መፈናቀላቸውን የአይኦኤም መረጃ ያሳያል። ከተማዋ የስደተኞች መጠጊያ ስለነበረች፣ ከሸሹት መካከል ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጊዜ የተሰደዱ ብዙዎች ናቸው። ኢትዮጵያውያን ተመላሾች ከሱዳናውያን፣ ከኤርትራውያን እና ከሌሎች ዜጎች ጋር በመተማ በኩል ገቡ። ከትግራይ ጦርነት በ2020 ሸሽተው ሱዳን ለገቡት ይህ መንገድ ወደ ጥለዋት ወደወጡት አገር የሚመልስ ነበር። ኤርትራውያኑ ግን የሚመለሱበት አገር አልነበራቸውም።

ኢትዮጵያም ብትሆን ለሸሹት የተመቸ ማረፊያ አልሆነችም። በአማራ ክልል በኩመር እና በአውላላ መጠለያዎች የሰፈሩ ሱዳናውያን በታጣቂዎች ግድያ፣ ዘረፋ እና እገታ ተማረው በ2024 በሺዎች ሆነው መጠለያዎቹን ለቅቀው በመንገድ ዳር ሰንብተዋል። አዲስ አበባ የደረሱትም ከቪዛ እድሳት ክፍያ እና ከቅጣት ጋር ታግለዋል። ዴይም ውስጥ ሐበሻውን ያስጨነቀው የወረቀት ጥያቄ፣ አዲስ አበባ ላይ ሱዳናዊውን አስጨነቀ።

አሁን ካርቱም ውስጥ ጥያቄው በርትቷል። የግዛቱ ባለሥልጣናት በ2025 ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ከግዛቱ የማስወጣት እና ያለ ፈቃድ የተሠሩ መንደሮችን የማፍረስ ዘመቻ ከፍተዋል። በእነርሱ እይታ ይህ የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ከአርኤስኤፍ ጋር የተሰለፉ የውጭ ተዋጊዎች ነበሩ ይላሉ፣ ከጦርነቱ የወጣች ከተማም ማን እንደሚኖርባት ማወቅ አለባት ይላሉ። ማንኛውም መንግሥት ነዋሪዎቹን የመመዝገብ መብት አለው። ችግሩ መዝገቡ ሲከፈት የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። ቤቱ በተዘረፈበት ከተማ ባለቤቱ የቦታ ሰነዱን፣ ተከራዩ የስደተኛ መታወቂያውን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱን ጎረቤቶቹ ሊመሰክሩለት ይችላሉ። ለተከራዩ ግን የጎረቤት ምስክርነት ሕጋዊ ዋጋ የለውም።

የዴይም ታሪክ እዚህ ላይ መልስ ባይሰጥ እንኳ አቅጣጫ ያሳያል። ከሰባ ዓመት በፊት ያለ ዋስትና ይኖሩ የነበሩ ተነሺዎች ስማቸው የተጻፈበት ሰነድ ሲያገኙ በገዛ ጥሪታቸው ሰፈር ገነቡ። ሰነዱ ሀብታም አላደረጋቸውም፤ ነገ እንደማይነቀሉ ግን ስላረጋገጠላቸው ግድግዳ አቆሙ፣ ክፍል ጨመሩ፣ ለሌላ ስደተኛ አከራዩ። በካርቱም አሥር እና ሃያ ዓመት ለኖሩ ሐበሾች ከመጠለያ ውጭ ለመኖር የሚያስችል ፈቃድ መስጠትም ከዚህ የተለየ እርምጃ አይደለም። አማራጩ አፈሳው እና ማባረሩ ሲሆን፣ ያ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ተሞክሮ ሐበሾቹን ከዴይም አላጠፋቸውም፤ ፖሊስ ባየ ቁጥር የሚሸሽ ነዋሪ ብቻ ነው ያፈራው።

ጦርነቱ በኮርዶፋን እና በዳርፉር ቀጥሏል፤ ካርቱምም ከመብራት መቋረጥ ጋር እየታገለች ነው። በዚህ መሀል ስለ ስደተኛ ተከራዮች መነጋገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ዴይምን ዴይም ያደረጉት ከሌላ ቦታ የተነቀሉ ሰዎች ናቸው፤ መጀመሪያ ከዳርፉር እና ከኮርዶፋን፣ ኋላም ከአሥመራ፣ ከጎንደር እና ከመቀሌ። ጡቡ እና ጣራው በገንዘብ ይመለሳል። ሰንዱቁ እና እቁቡ ግን የሚመለሱት አዋጪዎቹ ሲመለሱ ብቻ ነው።