ከፍሪዘር የወጣ ሙሳካም የቤት ምግብ ነው

ግሪክ አገር ምግብ ቤት ገብቶ የምግብ ዝርዝሩን የሚገልጥ ሰው ከአንዳንድ ምግቦች ስም ጎን ትንሽ የኮከብ ምልክት ያያል። ትርጉሙ ከገጹ ግርጌ ተጽፏል፤ ምግቡ የሚሠራበት ዓሣ፣ ስኩዊድ ወይም ድንች በረዶ ሆኖ የቆየ ነው ማለት ነው። ይህን ለደንበኛ ማሳወቅ የአገሪቱ የገበያ ደንብ ግዴታ ነው፤ ደንቡም ተገቢ ነው፤ የትናንት ዓሣ የዛሬ ተብሎ እንዳይሸጥ ያደርጋል። ችግሩ ያለው ደንቡ ላይ ሳይሆን ከደንቡ ጀርባ ባለው አስተሳሰብ ላይ ነው። ፍሪዘር የገባ ነገር ሁሉ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው፣ ጥሩ ባለሙያ ትኩስ ብቻ ታቀርባለች የሚለው እምነት ከምግብ ቤት አልፎ ወደ ጓዳ ዘልቋል። ለቤት ምግብ ግን ይህ አስተሳሰብ አይሠራም። ቅዳሜ ተሠርቶ ፍሪዘር ውስጥ የገባ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም ረቡዕ ማታ ኦቨን ገብቶ የሚበላ ሙሳካ ከእናት እጅ የወጣውን ያህል የቤት ምግብ ነው። እንዲያውም የግሪክ የቤት ምግብ በዚህ ዘመን ከጓዳ ሳይጠፋ እንዲቆይ ከተፈለገ አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ ዋነኛው መንገድ ይመስለኛል።

ነገሩን ከድካሙ እንጀምር። ሙሳካ አንድ ምግብ ይባል እንጂ ሦስት ሥራ ነው። ደበርጃኑ ተቆራርጦ ጨው ይነሰነስበትና ውኃው ወጥቶ ይጠበሳል፤ የተፈጨው ሥጋ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከቀረፋ ጋር ውኃው እስኪመጥ ይበስላል፤ ቤሻሜሉ በቅቤ፣ በዱቄትና በወተት ያለ ፋታ እየተማሰለ ይወፍርና እንቁላልና አይብ ይጨመርበታል። ተደራርቦ ኦቨን የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከወጣም በኋላ ረግቶ ካልበረደ ሲቆረጥ ይፈርሳል። ዛሬ የምናውቀውን ነጭ ቤሻሜል በሙሳካ ላይ ያነገሠው ኒኮላኦስ ጸለሜንቴስ የተባለ የምግብ ባለሙያ ነው፤ በ1920ዎቹ ያሳተመው የምግብ አሠራር መጽሐፍ በየቤቱ ገብቶ ለጥቂት ትውልድ ያህል የግሪክን ጓዳ መርቷል። ያ አሠራር ግን ጠዋት ገበያ ወጥታ፣ ረፋዱን በድስት ዙሪያ ለምታሳልፍ የከተማ እመቤት የሚስማማ ነበር። የዛሬዋ ግሪክ ሌላ ናት። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ ባወጣው አኃዝ መሠረት በ2023 በግሪክ አንድ ሠራተኛ በሳምንት በአማካይ 39.8 ሰዓት ሠርቷል፤ ይህ ከኅብረቱ አገሮች ሁሉ የረዘመ ሲሆን የኅብረቱ አማካይ 36.1 ነበር። በሐምሌ 2024 ደግሞ በአንዳንድ ዘርፎች የስድስት ቀን የሥራ ሳምንት የሚፈቅድ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል፤ ለስድስተኛው ቀን የሚከፈለው ጭማሪ 40 በመቶ ነው። ከእንዲህ ያለ ሥራ ማታ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ደበርጃን ጨው ነስንሶ ውኃው እስኪወጣ አይጠብቅም።

ታዲያ በዚያ ማታ ገበታው ላይ የሚቀርበው ምንድን ነው? ክርክሩ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍሪዘርን የሚነቅፉ ሰዎች የቆየውን ሙሳካ ትኩስ ከተሠራው ጋር ያወዳድሩታል፤ ትኩሱ ቢበልጥ አይገርምም። ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ትኩሱ ሙሳካ የለም። ያለው በስልክ ታዝዞ በሞተር የሚመጣ ሱቭላኪ ወይም ፒዛ ነው፤ ካልሆነም ዳቦና አይብ። በ2010 ዩኔስኮ የሜዲትራኒያንን አመጋገብ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ካመለከቱት አራት አገሮች አንዷ ግሪክ ነበረች። የሕፃናት ውፍረት በአውሮፓ ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ተርታ የምትጠቀሰውም ይህችው ግሪክ ናት። ውፍረቱ ብዙ ምክንያት አለው፤ ፍሪዘር ብቻውን ይፈታዋል አልልም። ሆኖም ቅርስ የተባለው አመጋገብ ነጭ ቦሎቄ፣ ባሚያ፣ ፎሶሊያ፣ ቅጠላ ቅጠልና የወይራ ዘይት ነው፤ አብዛኞቹ ደግሞ በቀስታ የሚበስሉ ናቸው። ጊዜ ያጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚተወው እነሱን ነው።

ግሪኮች ራሳቸው ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ ሰጥተዋል፤ ስለ ምግብ ሲከራከሩ ግን አያነሡትም። ልጅ ከአገር ቤት ወጥቶ ተሰሎንቄ ወይም ፓትራስ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ እናት በፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ ምግብ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትልክለታለች፤ ልጁም መናኸሪያ ሄዶ ይረከባል። ኬፍቴው፣ ፓስቲሲዮ የሚባለው የመኮሮኒና የሥጋ ምግብ፣ የተሞላው ቃሪያ በየዕቃው ተለይቶ ይመጣል፤ የሚበላው በቀኑ ይበላል፣ የተረፈው ፍሪዘር ይገባል። ያንን ምግብ «ይህ የቤት ምግብ አይደለም» የሚል ግሪካዊ ቢኖር እናቱ አጠገብ ባይናገረው ይሻለዋል። በመንገድና በበረዶ ያለፈው የቤት ምግብነቱን ካላጣ፣ ከራስ ፍሪዘር እስከ ራስ ገበታ ሁለት ሜትር የተጓዘው በምን ያጣል?

«ጣዕሙስ?» ለሚለው ግን ከስሜት የተሻለ መልስ ያስፈልጋል። ምግብ በረዶ ሲሆን በውስጡ ያለው ውኃ ወደ ጠጣር ቅንጣት ይለወጣል። ቅዝቃዜው ዝግ ያለ ከሆነ ቅንጣቶቹ ትልልቅና ስለታም ይሆኑና የሥጋውን ወይም የአትክልቱን ሕዋስ ይቀዳድዳሉ፤ ሲቀልጥ ውኃው ይፈስሳል፣ ምግቡም ይልፈሰፈሳል። አሜሪካዊው ክላረንስ በርድዝአይ በላብራዶር ሳለ የአካባቢው ኢንዊቶች በብርቱ ብርድ ያጠመዱት ዓሣ ወዲያው በረዶ እንደሚሆን፣ ሲቀልጥም ትኩስነቱ እንደማይጠፋ ያየው ለዚህ ነው፤ በ1920ዎቹ ፈጣን ማቀዝቀዣ ሠርቶ ምርቱን በ1930 በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ሱቆች ለሽያጭ አቀረበ። የቤት ፍሪዘር የበርድዝአይን ፍጥነት የለውም። ጥሬ ዱባ መሰል አትክልት፣ ኪያርና ሰላጣ እዚያ ገብተው የሚበላሹትም ስለዚሁ ነው። በወይራ ዘይትና በቲማቲም ለሰዓታት የበሰለ ባሚያ ወይም ቦሎቄ ግን የሚቀደድ ሕዋስ አልቀረውም፤ በረዶው ሊያደርገው የሚችለውን እሳቱ ቀድሞ አድርጎታል። በላዩም ዘይቱና መረቁ ከአየር ይሸፍኑታል። ግሪኮች እነዚህን የዘይት ምግቦች ድሮም ቢሆን እየፈላ አይበሏቸውም፤ ጠዋት ተሠርተው ለብ ብለው፣ ብዙውን ጊዜም በማግስቱ ይበላሉ፤ ሲያድሩ ይጣፍጣሉ ይባላል፤ እውነትም ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ነገር ፍሪዘር ይገባል ማለት አይደለም፤ ነቃፊዎቹ ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አለ። ጻጺኪ እርጎውና ኪያሩ ተለያይተው ውኃ ይሆናል። በእንቁላልና በሎሚ የሚወፍረው የአቭጎሌሞኖ መረቅ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ሾርባው ብቻ ይቀመጥና እንቁላልና ሎሚው በሚበላበት ቀን ይግባ። ብዙ ሰው ከሙሳካ ሥር የሚደረድረው ድንች ፍሪዘር ውስጥ አሸዋማ ስለሚሆን ለዚህ ዓላማ የሚሠራው ሙሳካ በደበርጃን ብቻ ቢሆን ይሻላል፤ ደበርጃኑም ዘይት ውስጥ ከሚጠበስ ዘይት ተቀብቶ ኦቨን ውስጥ ቢበስል ውኃውን ይበልጥ ይለቃል። ቤሻሜሉ እንቁላል ከገባበትና በደንብ ከረጋ ቅዝቃዜውን ይችላል፤ የሚጠራጠር ሰው ሥጋውንና ደበርጃኑን አስቀምጦ ቤሻሜሉን በዕለቱ ይሥራ። የስፒናች ፓይ ከሁሉ የተመቸ ነው፤ ስፒናቹ በጨርቅ ተጨምቆ ውኃው እስከ መጨረሻው መውጣት አለበት፤ ፓይው ሳይጋገር በፊት በቢላ መቆረጫው ይሠመርለትና እንዳለ በረዶ ይሁን። በሚበላበት ቀን ሳይቀልጥ በቀጥታ ኦቨን ይገባል፤ ቀልጦ ከገባ ሥሡ የፊሎ ሊጥ ይረጥብና ይጣበቃል። በወይን ቅጠል የሚጠቀለለው ዶልማ፣ ከሰምርኔስ ስደተኞች ጋር ከ1922 በኋላ በግሪክ የተስፋፋው የከሙን ኬፍቴ በቲማቲም ድልሁ ውስጥ፣ ትልልቁ ነጭ ቦሎቄ፣ የምስር ሾርባ፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ብዙ ጥበብ ይቀመጣሉ።

ጤናን በተመለከተ የሚነሳው ስጋት ግማሹ እውነት ነው። አንዳንድ ቫይታሚን በማብሰልና ደግሞ በማሞቅ ይቀንሳል፤ የቦሎቄው አሰርና ፕሮቲን ግን የትም አይሄድም። ከባዱ ጉዳይ ንጽሕና ነው። ቅዝቃዜ ጀርም አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ፤ ስለዚህ አደጋው ፍሪዘር ውስጥ ሳይሆን ከፍሪዘር በፊትና በኋላ ነው። ድስት ሙሉ ሩዝ የገባበት ምግብ ሌሊቱን ምድጃ ላይ ቢያድር፣ በሩዝ ውስጥ ከመፍላት ተርፎ የሚቆየው ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ ተመልሶ በማሞቅ አይጠፋም። ምግቡ ጠለቅ ባላለ ሰፊ ዕቃ ተከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሁን፤ የሚቀልጠው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፤ ሲሞቅም መሐሉ 74 ዲግሪ ይድረስ። ከሁለት ከሦስት ወር በላይ የቆየ ምግብ ቅዝቃዜው ካልተቋረጠ አይመርዝም፤ ጣዕሙ ግን እየሳሳ ይሄዳል፤ አየር ያገኘው ጎኑም ይደርቃል። በየዕቃው ላይ ቀን መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ፍሪዘሩ የሴቲቱን ሸክም አላነሳም፣ ከሰባቱ ቀን ሰብስቦ ቅዳሜ ላይ ቆለለው እንጂ የሚሉ አሉ። ቤሻሜሉን የምታማስለው፣ ቅጠሉን የምትጠቀልለው ያችው ሴት ከሆነች ነገሩ እውነት ነው፤ ምንም ማሽን ይህን በራሱ አይለውጥም። ቢሆንም የየዕለቱ ምግብ ማብሰል ተበጣጥሶ ስለሚውል ሌላው ቤተሰብ አያየውም፤ በአንድ ቀን የሚሠራ ሥራ ግን ይታያል፣ የሚታይ ሥራ ደግሞ ይከፋፈላል። «እኔ ወጥ አልችልም» የሚል ባል ስፒናች መጭመቅ፣ አይብ መፈርፈር፣ ደበርጃን መቁረጥ አይሳነውም፤ ረቡዕ ማታ ትሪውን ከፍሪዘር አውጥቶ ኦቨን ውስጥ ለመክተትም ሙያ አያስፈልግም። ድካሙም ቢሆን በእጥፍ አይጨምርም፤ የሁለት ትሪ ቤሻሜል የሚማሰለው የአንዱን ያህል ጊዜ ነው፣ ኦቨኑም አንዴ ጋለ ማለት ለሁለቱም ጋለ ማለት ነው። ባል ቅዳሜ ጓዳ የማይገባበት ቤት ግን ፍሪዘር ከመግዛቱ በፊት ሌላ ንግግር ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይሁንበት። የቁሌት ሽንኩርት በብዛት አብስሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ በአዲስ አበባም በውጭ በሚኖሩ ወገኖችም ቤት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ በመርሁ አንከራከርም። የጾም ጉዳይም ያገናኘናል። ፋሲካ በእኛና በግሪኮች ዘንድ በአንድ ቀን ይውላል፤ ሁዳዴያቸውም ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ነው፤ ሥርዓታቸው ጠንካራ በሆነባቸው ቀናት ዘይት ይከለክላል፣ ስኩዊድና ኦክቶፐስን የመሰሉ የባሕር እንስሳትን ግን ይፈቅዳል። ዘይት በሚፈቀድበት ቀን የሚበሉት የቲማቲምና የወይራ ዘይት አትክልቶች፣ ቦሎቄዎቻቸው፣ ያለ ሥጋ የተጠቀለሉ ዶልማዎቻቸው ለእኛም ጾም ይሆናሉ፤ ከሽሮና ከምስር ለመለዋወጥ ለሚፈልግ ቤት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ፍሪዘር ይታመናል ወይ የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በሩ ካልተከፈተ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ እስከ 24 ሰዓት ያህል ይይዛል። ከዚያ በላይ ለሚቆረጥበት ሰፈር ግን አልመክርም። መሞከር የሚፈልግ አንባቢ ሙሳካውን ለጊዜው ይተወውና በነጭ ቦሎቄ ይጀምር፤ አንድ ኪሎውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ፣ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከዘይት ጋር ኦቨን ውስጥ መረቁ እስኪወፍር አብስሎ፣ አቀዝቅዞ፣ በየአንድ ገበታው ከፋፍሎ ያስቀምጥ።